ማንም ያልሾማት የሾንበርጎች ፈታኝ

ልጆቹን ቤት ውስጥ የሚያስተምር ቤተሰብ ባለበት ሁሉ፣ ሳይጠሩት አቤት የሚል አንድ ፈታኝ አይጠፋም። ደሞዝ የለውም፣ ሹመት የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ ጥያቄ ግን አያልቅበትም። የሌላ ሰው ልጅ ሲያገኝ «እንዴት ነህ ጎረምሳው?» ይላል፤ የእነዚያን ቤት ልጅ ሲያገኝ ግን ሰላምታውን ዘሎ «ስድስት ጊዜ ዘጠኝ?» ብሎ ይጀምራል።

ለሾንበርግ ቤተሰብ የተመደቡት ፈታኝ ክብርት ወይዘሮ ሎሬታ ክሪምፕል ነበሩ። በከተማው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጠመኔውን አስረክበዋል፤ አፋቸውን ግን የሚረከብ አልተገኘም። ቤታቸው ከሾንበርጎች ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ ነው። በሚኒሶታ ገጠር በረዶው አጥሩን ሲውጥ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ፣ የወተት መኪና እንኳ አልነሳም የሚልበት ጠዋት አለ። ወይዘሮ ሎሬታ ግን ይነሳሉ።

«ለማወቅ ያህል ነው» ይላሉ ሁልጊዜ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። የአምስቱ ልጆች እናት ኮሌት ይህችን ቃል በሰማች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

የባሏ አጎት የሞቱ ጊዜ ወይዘሮ ሎሬታ አስከሬኑ ፊት ቆመው፣ የኮሌትን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አምብሮስን ትከሻውን ያዝ አደረጉና በሹክሹክታ «ሟቹ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ከተወለዱ ስንት ዓመታቸው ነው? ለማወቅ ያህል ነው» አሉት። አምብሮስ እንባውን ጠርጎ አስልቶ ነገራቸው። «እምም» አሉ ቅር ብሏቸው፣ በውርርድ እንደተበላ ሰው። ካቶሊኮች ጉሮሯቸውን በሚያስባርኩበት በቅዱስ ብሌዝ ዕለት ደግሞ ካህኑ ሁለቱን ሻማ አጣምረው የልጁ ጉሮሮ ላይ ሲያደርጉ፣ ከፊት የተባረኩት ወይዘሮ ዞር ብለው «ይህ ቅዱስ ጳጳስ የነበረው የት አገር ነው?» አሉ። አምብሮስ በሻማዎቹ መሃል አገጩን ቀና አድርጎ «አርመን» ሲል፣ ጉሮሮ የሚባርኩት ካህን ራሳቸው በሳቅ ትን አላቸው።

ሁሉም ይስቃል። ኮሌት ብቻ አትስቅም። መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ መሪውን በጓንቷ እየደበደበች «አንድ ቀን እፈነዳባቸዋለሁ! ለከተማው ልጅ እንዲህ ብለው ያውቃሉ? የኔ ልጆች ምንድን ናቸው፣ የገበያ ጥጃ? አፋቸው እየተከፈተ ጥርሳቸው የሚታየው!» ትላለች። ባሏ ዱዌን የወተት መኪና ነጂ ነው፤ በተፈጥሮው ቃል ይቆጥባል። «አሮጊት ናቸው እኮ» ይላል። ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድዳታል።

ቁጣዋ ደግሞ በሴትዮዋ ላይ ብቻ አይደለም። በዚያ ወራት ቤቱ ራሱ ያስቆጣል። አሥር እርጥብ ጓንት ማሞቂያው ላይ ተሰጥቷል፤ አምስቱ ጓደኛ የለውም። ቧንቧው በረዶ ሆኖ በፀጉር ማድረቂያ እየተለመነ ነው። ትንሹ ልጅ የሂሳቡን መጽሐፍ ገጽ በልቷል። ትምህርት በጸሎት ይጀመራል፤ ጸሎቱ መሃል ላይ አንዱ ሌላውን ይረግጣል፤ ኮሌት በአንድ ትንፋሽ «ለእኛ ለኃጢአተኞች ለምኚልን፣ አምብሮስ እግርህን ሰብስብ!» ትላለች። ያም ሆኖ ያስተምራሉ፣ ይማራሉ። ልጆቿን ቤት ማስተማርን የመረጠችው እሷ ናት፤ ስለዚህም ማንም እንዲመረምርባት አትፈልግም።

ከዚያ የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት መጣ። ወይዘሮ ሎሬታ በዚያ ብርድ መንገዱን ተሻግረው፣ አንድ ካርቶን አሮጌ የልጆች መጽሐፍ ታቅፈው በሩን አንኳኩ። ኮሌት ሻይ አቀረበችላቸው፤ ጨዋ አሳድጓታል፣ ምን ታድርግ። ሴትዮዋ አንድ ስኒ ሳይጨርሱ የስምንት ዓመቷን ዜሊን ጠሩና አንዱን መጽሐፍ ሰጧት።

«አንብቢልኝ እስቲ። ለማወቅ ያህል ነው።»

ዜሊ በቤቱ ውስጥ ጎበዝ አንባቢ የምትባል ልጅ ናት። ማታ ማታ ለታናናሾቿ መጽሐፍ ይዛ፣ ድምጿን ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ ገጹን በቦታው እየገለበጠች ስታነብ ኮሌት ሳህን ማጠቧን ትታ ትሰማት ነበር። አሁን ግን መጽሐፉን ገልጣ ሥዕሉን አየች። «አንድ... ድብ ነበር። ድቡ... ቀይ ጀልባ ነበረው።»

ወይዘሮ ሎሬታ መዳፋቸውን ዘርግተው ሥዕሉን ሸፈኑት።

የልጅቷ ጆሮ ከጫፉ እስከ ሥሩ ቀላ፤ ቀና ብላም እናቷን አየቻት። ኮሌት በዚያች ቅጽበት፣ ከመስከረም ጀምሮ በልቧ ጥግ ደፍቃ ያስቀመጠችውን ነገር አወቀችው። ልጅቷ ማንበብ አትችልም።

«ይውጡልኝ» አለች።

«ኮሌት፣ እኔ እኮ...»

«ከቤቴ ይውጡ! ካርቶንዎንም ይዘው ይውጡ! ልጄን በገዛ ማዕዴ ፊት ሊያዋርዱ ነው የመጡት? ይኸው፣ አገኙ! ደስ ይበልዎ! ይሂዱና ለመላው አጥቢያ ያውጁ!»

ወይዘሮ ሎሬታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ሳይጠይቁ ተነሱ። ኮታቸውን ቀስ ብለው ቆልፈው ወጡ። ኮሌት በሩን ከኋላቸው ስትዘጋው ከጣሪያው በረዶ ተንዶ ደረጃው ላይ ወደቀ።

ዱዌን ሲመጣ ሚስቱ ድንች እየላጠች ሳይሆን እየገደለች አገኛት። ሁሉንም ነገረችው።

«ታዲያ» አለ ጫማውን እየፈታ፣ «ልክ ናቸው?»

«ልክ መሆናቸው እኮ ነው የሚያቃጥለኝ!» ቢላዋውን ወረወረችው። «ተሳስተው ቢሆን እስቅ ነበር!»

ከእራት በኋላ ዜሊን ብቻዋን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሰደቻትና ከሰል ሳይሆን ጥጥ በሆነ ድምፅ ልትጠይቃት ሞከረች። ልጅቷ የደረቁ ካልሲዎች ክምር ላይ ተቀምጣ ጣቷን ታፍተለትል ነበር።

«ፊደሎቹ አይቆሙልኝም፣ እማ። አንዱን ስይዘው ሌላው ዞሮ ይጠብቀኛል።»

«ያን ሁሉ መጽሐፍ ታዲያ እንዴት አነበብሽው?»

«አምብሮስ ሲያነብ እሰማና በቃሌ እይዘዋለሁ።» አንድ ካልሲ አንስታ መጠቅለል ጀመረች። «ስሳሳት አንቺ ፊትሽ ይደክማል። በቃሌ ስለው ግን ደስ ይልሽ ነበር።»

በወይዘሮ ሎሬታ ላይ የቆየው የኮሌት ቁጣ ሁሉ ተገልብጦ ራሷ ላይ ወደቀ። አርባ መጽሐፍ በቃሏ የያዘች ልጅ! ያን ያህል ሥራ፣ ያን ያህል ጥንቃቄ፣ የእናትን ፊት ላለማድከም። ሌሊቱን አልተኛችም ማለት ይቻላል፤ በማግስቱ ጠዋትም ሌሎቹን ለአምብሮስ አደራ ብላ፣ ዜሊን በሻርፕ ጠቅልላ፣ መንገዱን ተሻገረች።

ወይዘሮ ሎሬታ በሩን ሲከፍቱ ኮሌት እሳት ጎርሳ ነበር።

«ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም።»

«አልጠበቅኩም።»

«ያደረጉት ነገር ነውር ነው። በልጅ ፊት! ለኔ ለብቻዬ መንገር ይችሉ ነበር።»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የዜሊን ሻርፕ መፍታት ጀመሩ።

«አንድ ዓመት በክፍሌ ሃያ ስድስት ልጅ ነበረኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንደዚህችው በቃሏ እየያዘች ዓመቱን ሙሉ ያታለለችኝ አንዲት ልጅ ነበረች። ጎበዝ ብዬ ሸልሜ ወደ አራተኛ ክፍል አሳለፍኳት። ያወቅኩት ትምህርቱን ጥላ ከሄደች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ባየሁ ቁጥር አፌ አይዘጋም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከልጅ ጋር ሌላ ወሬ አላውቅበትም።»

«ሊማሩት ይችላሉ» አለች ኮሌት፣ ገና እንደተቆጣች። «"እንደምን አደርሽ" የሚባል ነገር አለ።»

ወይዘሮ ሎሬታ ወደ ዜሊ ዞሩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ከባድ ሥራ ነበር።

«እንደምን... አደርሽ?»

«ደህና» አለች ዜሊ። «ጓንቴ ውስጥ በረዶ ገብቷል።»

«ግቢ እንግዲህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት አራት ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ዜሊ መንገዱን ትሻገራለች። አሮጊቷ መጋገሪያ ሳህን ላይ ጨው ነስንሰው ፊደሉን በጣቷ ያስጽፏታል፣ ድምፁን ያስጮኋታል፣ ያስደመስሷታል፤ እንደገና። ዜሊ አልቅሳ የተመለሰችባቸው ቀናት አሉ። ኮሌትና ወይዘሮ ሎሬታም ታርቀው ስኳር አልሆኑም። አሮጊቷ አሁን የሚፈትኑት እናትየውን ነው፤ «ትናንት ማታ ስንት ደቂቃ ሠራችሁ? አሥር? አሥር ምን ያደርጋል!» ይሏታል፤ እሷም «ቤቴ ውስጥ አምስት ልጅ አለ፣ ከፈለጉ ሁለቱን ይውሰዷቸው!» ትላለች። ዱዌን ሁለቱን ከመኪናው መስኮት እያየ ፈገግ ይላል፤ ቃል ግን አያባክንም።

ሥጋ በማይበላበት በጾሙ አምስተኛ ዓርብ፣ በረዶው ጭቃ መሆን ሲጀምር፣ አጥቢያው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የዓሣ ጥብስ አቀረበ። ሰልፉ ደረጃውን ሞልቶ እስከ ውጭ ይደርሳል። ወይዘሮ ሎሬታ ሽርጥ ታጥቀው ጥቅል ጎመን ሰላጣ ያድላሉ። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ዜሊ ሳህኗን ይዛ ፊቱ ቆመች፤ ማንም ሳይጠይቃት ጣቷን አነሳች።

«እ... ባክዎ» አለች። «እባክዎ... መጀመሪያ... ሁለት... ቁራጭ...»

ሰልፉ ቆመ። ከኋላ የመጣው ዓሣ ማጥመጃ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰውዬ «ኧረ ፈጠን በሉ! ረሃብ ገደለን እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል!» አለች ኮሌት።

«ዝም በል!» አሉ ወይዘሮ ሎሬታ፣ የሰላጣውን ጭልፋ እንደ ዱላ አንስተው። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ጉሮሮ የወጡ ይመስላሉ። «ልጅቷ እያነበበች ነው! ቸኩለህ የት ትደርሳለህ?»

ዜሊ አልዞረችም። ጣቷ ከፊደል ፊደል እየተራመደች፣ አንድ ቦታ ተሰናክላ፣ ተመልሳ፣ «ብቻ... ይውሰዱ... ለሌላው... ይተርፍ... ዘንድ» ብላ ጨረሰች። ወይዘሮ ሎሬታ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉና፣ የሰላጣውን ሽንኩርት ረገሙ።

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። «እሺ፣ እሺ፣ ይቅርታ» አለ። «እናትና አያት አንድ ላይ ሲቆጡ ማን ይችላል?»

ኮሌት አያቷ አይደሉም ልትለው አፏን ከፈተች። ወይዘሮ ሎሬታን አየቻቸው፤ እሳቸውም የምትለውን ለመስማት ጭልፋውን አንስተው እንደቆሙ ነበሩ። ኮሌት ሳህኗን ገፋ አድርጋ አቀረበችላቸው።

«ይጨምሩልኝ» አለች፣ እንደተቆጣች።