አንዱን ብቻ ንካ

ወጥ አልጣፍጥ ሲል ሰው የሚያደርገውን አይታችኋል? ጨው ይጨምራል። ባንዴ በርበሬም ይነሰንሳል። ዘይትም ጠብ ያደርጋል። ታዲያ ቢጣፍጥ ማን አጣፈጠው? ቢበላሽስ ማን አበላሸው? እኔ ይህን ጥያቄ የተማርኩት ከጓዳ አይደለም፤ ከኮምፒውተር ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር አንድ የግንባታ ጥናት ቢሮ ተመድቤ መሐንዲስ ሆኜ እሠራ ነበር። ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ ፀሐይ እንዳይነካው መጋረጃ የሚዘጋው ለሱ እንጂ ለእኛ አልነበረም። ያኔ ጣና ዳር ቁንዝላ ላይ የጀልባ ማረፊያ ልንሠራ ነው። ማረፊያው ሸክምና ማዕበል ሲበረታበት ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ያሰላልናል።

አለቃችን ጋሽ ሰይፉ አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱን ብቻ ንካ፣ ሌላውን እንዳለ ተው፣ ከዚያ መልሱ ይነቃነቅ እንደሆነ እይ ይሉናል። ፈረንጆቹ ሴንሲቲቪቲ አናሊስስ ይሉታል። ብረቱን አወፈርነው፤ መልሱ ንቅንቅ አላለም። ማዕበሉን ጨመርን፤ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ምሰሶው ጭቃ ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት ቀነስ ስናደርግ ግን ጉድ ፈላ! ማረፊያው በወረቀት ላይ ጣና ገባ። እኛ እኮ ስንጨቃጨቅ የከረምነው በብረቱ ነበር። አይገርምም? ሰው የሚጨነቅበት ሌላ፣ ነገሩን የያዘው ሌላ።

በዚህ ነገር አበድኩላችሁ። ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ልነካ አማረኝ። በሻዬም ጀመርኩ፤ ስኳሩን ልቀይር ስል ግን የቀበሌው ሱቅ ስኳር አልመጣለትም።

ፕላን ነዳፊያችን ይታይሽ የዘጌ ልጅ ናት። ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። ወደድኳት፤ ምን እደብቃለሁ? ስነግራት፣ አባቴን አስጠይቅ አለችኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ልዛወር ነው የሚል ወሬ ተነፈሰ። ሳላገባት ከሄድኩ አለቀልኝ።

ጋሽ ሰይፉንና ሁለት አዛውንት የሥራ ባልደረቦቼን ሽማግሌ አድርጌ በጀልባ ዘጌ ላኩ። አባቷ አያ አዱኛ ቡናቸውን ከሚለቅሙበት ቀና ብለው፣ አይሆንም አሉ። ምክንያት የለ፣ ምን የለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌዎቹን ጠቅላላ ይለውጥ ነበር። እኔ ግን መሐንዲስ ነኝ! ከሦስቱ አንዱን አስቀርቼ በምትኩ ቄስ ጨመርኩ። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይሁን አልኩ፦ ቀኑም፣ ጀልባውም፣ የአቀማመጣቸው ተራም። አንደኛው ሽማግሌ ጉንፋን ይዟቸው በጋቢያቸው ላይ ካፖርት ሊደርቡ ሲሉ፣ እባክዎ ውጤቱን ያበላሹብኛል ብዬ ከለከልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ የምትፈልገው ሚስት ነው ምሰሶ?»

የሁለተኛው መልስ ባሰ። አገሩ ሩቅ ነው፣ ዘሩን አናውቅም አሉ አያ አዱኛ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን ቆረጠኝ። ሰኞ ግን ቢሮ ገብቼ ይታይሽን እንደ ወትሮዬ እንዴት አደርሽ አልኳት፤ እንደ ወትሮዬም እርሳሷን ቀረጽኩላት። ለምን? ባኮርፍ ሁለት ነገር ነካሁ ማለት ነዋ! ስሌቱ ይፋለስብኛል።

በሦስተኛው ቄሱን አስቀርቼ ሐጂ ኑሩን ላክሁ። ሐጂ ኑሩ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ የአያ አዱኛንም ጀልባ የሠሩት እሳቸው ናቸው። እሺ ተባለ!

ቢሮው በእልልታ ተናጋ። ቁልፉ ሐጂ ኑሩ ናቸው ብዬ አወጅኩ። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳር ወንደላጤ ሁሉ ደጃቸው ተኮልኩሎ ሰውዬው ጀልባ መሥራት አቃታቸው። አንዱማ ዱርቤቴ ድረስ ይዟቸው ሄዶ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ።

ከሠርጋችን በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሐጂ ኑሩን ሳሞግስ ይታይሽ ሳቋ አመለጣት።

«ሐጂ ኑሩ ምን አረጉ? አባዬ እንደሁ መጀመሪያውኑ እሺ ብሎ ነበር። እምቢ በል ያልሁት እኔ ነኝ!»

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

«ጋሽ ሰይፉ ሲያስተምሩ እኔም እኮ እዚያው ተቀምጨ ነበር። መጀመሪያ ያለ ምክንያት እምቢ አስባልሁና ትቆጣ እንደሁ አየሁህ። ቀጥየ የሚያስከፋ ቃል አስጨመርሁበት። አንተ ሰኞ መጥተህ እርሳሴን ቀረጽህልኝ። ይኸ ሰውስ ሥሩ ጥልቅ ነው አልሁ።»

ለካ መሐንዲሷ እሷ፣ ምሰሶው እኔ ነበርኩ! ለምን እንዳላኮረፍኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ምሰሶ ዝም ሲል ነው የሚያምርበት።

ይኸው ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ቁምሳጥኑን ወደዚያ እናዙረው ትለኛለች፤ ለምን እላለሁ። ኮትህን ቀይር ትለኛለች፤ ምን ሆነ እላለሁ። ይሄኔ ነው የምትነድደው። አንተ ሰውዬ ንቅንቅ አትልም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትለኛለች።

እኔ ምን ላድርጋት? ሳትፈትን አልወሰደችኝ!