ሁለት ሜትር ርቆ ማዋለድ

ጥበብ ሞልታ ከፈሰሰችባቸው ደጆች አንዱ ያ የገጠር ጤና ኮሌጅ ነው። ወረርሽኙ በገባ በሳምንቱ፣ ሌላው ዓለም ገና እጁን ሲታጠብ፣ የኮሌጁ ዲን ሰባት ገጽ መመሪያ አወጡ። «የማዋለድ ልምምድ ከእንግዲህ በርቀት ይሰጣል። ተማሪው ከወላዷ ሁለት ሜትር ርቆ ያዋልዳል። ወላድ በታጣ ጊዜ ትራስ ይፈቀዳል።» የኮሌጁ ብቸኛ የማለማመጃ አሻንጉሊት እንኳ አንድ ተማሪ ስላስነጠሰባት አሥራ አራት ቀን ተዘግቶባት፣ ጥበቃው ጧት ማታ ሙቀቷን ይለካ ነበር። ትኩሳት የለባትም፤ ተመስገን ነው።

የመጨረሻ ዓመት የአዋላጅነት ተማሪዋ፣ የቤቱ ትንሽ ስለሆነች ሚጣ የሚሏት፣ ዕቃዋን ሸክፋ ወላጆቿ ቤት ገባች። ለመመረቅ የቀራት አንድ ነገር ነው፦ አንድ ወሊድ በስልክ ቀርጾ መላክ። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ ጀርባ ካለው ኮረብታ አናት ላይ ብቻ ነበር።

ትራሷን አሰናድታ ሳትጨርስ ታላቅ እህቷን ምጥ ያዛት። መንገድ ተዘግቷል፣ አምቡላንስ የለም። ሚጣ ኮረብታውን በሩጫ ወጥታ ዲኑ ጋ ደወለች።

«ዶክተር፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት! ሌላ ባለሙያ የለም፣ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ተረጋጊ። ርቀትሽን ጠብቀሻል?»

«እኔ ኮረብታ ላይ ነኝ፣ እሷ ቤት ናት!»

«ግሩም! የሚፈለገው እንደሱ ነው።»

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብላ ስልኩን ዘግታ ቁልቁል ፈረጠጠች።

ልጁ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ መጣ። ሚጣ አላቃ ጀርባውን ብታሸው ብታሸው ዝም አለ። እናቷ ስልኩን ይዛ ትቀርጻለች። «አልቅስ እንጂ አንተ ልጅ! አልቅስ በናትህ!» በመጨረሻ አለቀሰ። ሚጣም አብራው አለቀሰች።

ቪዲዮውን ከኮረብታው ላይ በላከች በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። «ዜሮ። ተማሪዋ ወላዷን በእጇ ነክታለች። ሕፃኑም ያለ ጭምብል ሲያለቅስ ታይቷል። ትድገም።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ እንዲህ ያለውን ነው» አለች እናቷ።

«ድገሚ ተብያለሁ» አለች ሚጣ አንገቷን ደፍታ።

«በኔ እንዳይሆን!» አለች እህቷ ከአልጋዋ።

አንደኛ የወጣው የጎረቤት መንደር ልጅ የሆነ የክፍሏ ተማሪ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ትራስ ሳትቃትት አዋልዶ፣ «እናትና ልጅ ደህና ናቸው» የሚል መግለጫ ጨምሮ መቶ ከመቶ አገኘ። ዲኑ በስብሰባ ላይ «ሳይደርሱ መድረስ ማለት ይህ ነው!» ብለው ሸለሙት፤ ተጨበጨበ። እግረ መንገዱን ይነገርና፣ ዲኑ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ከበሽታው ትሽሽ ብለው እዚያው በተሸላሚው መንደር፣ ከቤቱ ጋር በአጥር በሚዋሰን ዘመድ ቤት አስቀምጠዋት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚጣ ይግባኝ ልትልክ ኮረብታው ላይ ወጥታ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዲኑ ናቸው።

«ልጄ፣ ድረሺልኝ! ጎረቤታችሁ መንደር ያለችውን ልጄን ምጥ ይዟታል፤ ደም እየፈሰሳት ነው አሉኝ!»

«እኔ እኮ ዜሮ ነኝ ዶክተር። ባለ መቶው አለ አይደል? አጥር ነው የሚለያቸው።»

«እሱማ...»

«ምነው? ሸልመውት የለ?»

የዲኑ ድምፅ ተሰበረ። «እሱ ያዋለደው ትራስ ነው እኮ! ስለ ፈጠረሽ፣ እጅሽን ይዘሽ ሂጂላት!»

ሚጣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ካንጠለጠለች ቆይታለች።

«እየሄድኩ ነው። እርስዎ እስከዚያ አሁን ያሉኝን በደብዳቤ ያድርጉልኝ። ማኅተሙን እንዳይረሱት።»

ማታ የዲኑ የልጅ ልጅ በሰላም ተወለደች። ያን ወሊድ መመሪያው በሚያዘው መሠረት በርቀት የተከታተሉት ዲኑ ብቻ ነበሩ።