ቀያሹ ሣር ሲመርጡ

(አዲስ የተሠራ ቤት በረንዳ። ጠረጴዛው ላይ አምስት ትናንሽ የሣር ዘር ከረጢቶች በሰልፍ ተደርድረዋል። ግቢው አንድ ቅጠል የማይታይበት ቀይ አፈር ነው፤ እዚህም እዚያም ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሮበታል። የቤቱ ባለቤት ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ ኖረው ዘንድሮ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። አጠገባቸው የቆመው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል። ቀያሹ ግን ይህን ስም ያወጣለት ሰው እጁን እንጂ ጭንቅላቱን አላየም ይላሉ። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ቀያሹ፦ (የግቢውን አንድ ጥግ እያሳዩ) ግማሽ ጥላ ነው አልኩህ።

ምላጭ፦ ጋሼ፣ ጥላ እንዴት ግማሽ ይሆናል? ዝናብ ቢመጣ አንዱ ትከሻዎ ሊበሰብስ ነው።

ቀያሹ፦ በእጅ የሚያዘውን ጥላ አይደለም የምልህ። ያ ጥግ እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ግድግዳው ይጋርደዋል። አራት ቀን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ችካል እየተከልኩ ለክቼዋለሁ።

ምላጭ፦ ለግድግዳው ብለው ነው?

ቀያሹ፦ ለሣሩ።

ምላጭ፦ የታለ ሣሩ?

ቀያሹ፦ (ዓይናቸውን ጨፍነው ይከፍታሉ) ለሚመጣው ሣር።

ምላጭ፦ እሺ። ሲመጣ ይንገሩኝ።

ቀያሹ፦ እንዲመጣ እኮ ነው የተሰበሰብነው። እህትህ ትናንት ከልጃችን ዘንድ ሆና ደውላልኝ ነበር። ልትመለስ ዘጠኝ ሳምንት ቀርቷታል፤ ልጃችንም ሕፃኑን ይዛ አብራ ትመጣለች። መዳህ ጀምሯል አለችኝ። በደስታ ስልኩን ዘጋሁና ዞር ብዬ ግቢውን አየሁት። በዚህ አቧራ ላይ ሊድህ ነው? መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ለልጅ ልጁ መዳሂያ የምታህል መሬት አጣ ሊባል?

ምላጭ፦ ምንጣፍ ብናነጥፍለትስ?

ቀያሹ፦ ምንጣፍ ይረጥባል።

ምላጭ፦ ሣሩን ውሃ አናጠጣውም?

ቀያሹ፦ (እንዳልሰሙ ሆነው) እኔ የምፈልገው ብዙ የማያስቸግር ሣር ነው። ሐኪሙ ጎንበስ እንዳልል ከልክሎኛል፤ ወገቤን አይተኸዋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አጨዳ የማይፈልግ፣ ውሃ ቢዘገይበት የማይደርቅ፣ ቢረገጥ የማይሞት መሆን አለበት።

ምላጭ፦ ቶሎ የማያድግ ይፈልጋሉ ማለት ነው። የእኔ ደንበኞች ሁሉ እንደዚያ ቢሆኑማ ሱቄን ዘግቼ እቤቴ እተኛ ነበር።

ቀያሹ፦ አሁን ዝም ብለህ ስማ። (አንዱን ከረጢት ያነሳሉ) ይሄ ለጥላ የሚሆን ነው፤ ግን ውሃ ይወዳል። ጀርባው ላይ ከመቶው ዘር ሰማንያ አምስቱ ይበቅላል ይላል።

ምላጭ፦ አሥራ አምስቱን ለምን አብረው ከተቱት? አስቀድመው ለቅመው ማውጣት ነበረባቸው።

ቀያሹ፦ የትኛው እንደማይበቅል በምን ያውቃሉ?

ምላጭ፦ ታዲያ አሥራ አምስት መሆኑን በምን አወቁ?

(ቀያሹ ከረጢቱን አስቀምጠው ሌላውን አነሱ።)

ቀያሹ፦ ይሄኛው ደግሞ ኮምጣጣ አፈር አይስማማውም። የእኛ አፈር ትንሽ ይኮመጥጣል።

(ምላጭ ከበረንዳው ወርዶ ከአፈሩ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ያደርጋል። ቆም ብሎ ያስባል።)

ምላጭ፦ አይኮመጥጥም ጋሼ።

ቀያሹ፦ በምላስ አይደለም የሚለካው። ቀለሙን በሚቀይር መለኪያ ወረቀት ነው የለካሁት።

ምላጭ፦ ወረቀቱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል?

ቀያሹ፦ በሚገባ።

(ምላጭ ቅር ሳይለው አፉን ተጉመጠመጠ። ቀያሹም ለአንድ ሰዓት ያህል አምስቱንም ከረጢት አንድ በአንድ አስረዱት። አንዱ ጥላ ይችላል፣ ውኃ ጥም አይችልም፤ አንዱ ውኃ ጥም ይችላል፣ እግር አይችልም፤ አንዱ እግር ይችላል፣ ግን በየሳምንቱ ካላጨዱት ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ከሁሉም ልባቸው የወደደው አምስተኛውን ነበር። እሱም አንድ ችግር ነበረበት፤ ጥላ አይወድም። በዚህ የተነሳ ጥጉን እያዩ ቀሩ።)

ምላጭ፦ እዚያ ጥግ ላይ ለምን አግዳሚ ወንበር አናደርግበትም?

ቀያሹ፦ ምን ለማድረግ?

ምላጭ፦ ሣሩ ፀሐይ ላይ ይሁን፣ ሰዉ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ እንኳ ብሆን ፀሐይ ላይ አልቀመጥም።

(ቀያሹ ጥጉን ያያሉ፣ ምላጭን ያያሉ፣ እንደገና ጥጉን ያያሉ። የአራት ቀኑን የጥላ ልኬት የጻፉበትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።)

ቀያሹ፦ ይሄን እኔም አስቤው ነበር።

ምላጭ፦ ይሆናል።

ቀያሹ፦ ስለዚህ አምስተኛውን መርጠናል። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ስማ ምን እንደሚል፤ ወደ ላይ ሳይሆን መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። አንጓው አፈር በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። ፀሐይ ይችላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ቢረግጡት ጭራሽ ይበረታል። አንዴ ከያዘ ለመንቀል እጅግ አስቸጋሪ ነው ይላል። አየህ፣ ሳይንስ ማለት ይሄ ነው።

ምላጭ፦ (ከረጢቱን ተቀብሎ ሥዕሉን አስጠግቶ ያየዋል) ይሄንንማ አውቀዋለሁ።

ቀያሹ፦ አታውቀውም። ስሙን እንኳ አንብበህ አትጨርሰውም።

ምላጭ፦ ስሙን አላውቅም። ሰርዶ ነው ግን።

ቀያሹ፦ ሰርዶ አረም ነው።

ምላጭ፦ እንደ ወፍ እግር የተዘረጋችውን ጫፉን ይዩዋት። ጋሼ፣ እኔ አንዴ ፀጉሩን የቆረጥኩትን ሰው ስሙን ቀይሮ አገር ለቆ ቢሄድም ከማጅራቱ አውቀዋለሁ። ይሄ ሰርዶ ነው።

(ቀያሹ «አሳዘንከኝ» በሚል ፈገግታ ስልካቸውን አውጥተው ዘሩን ለሸጠችላቸው ሴት ደወሉ፤ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሴትየዋ ትሑት ናት። አዎ፣ ሰርዶ ነው አለቻቸው፤ ከዱሩ ቅጠሉ ትንሽ ይሳሳል እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። ቀጥላም ግቢያቸው ውስጥ ሰርዶ በቅሎ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ካለ በከንቱ አይድከሙ፣ ያለው ይበቃዎታል፤ የጎደለው ቦታ ላይ ብቻ ቆርጠው ይትከሉበት አለችና መልካም ቀን ተመኘችላቸው። ቀያሹ ስልኩን ዘግተው ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።)

ምላጭ፦ ውሃ ላምጣልዎ?

ቀያሹ፦ ይሄን ቤት ስንገባበት ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሰርዶ ነበር።

ምላጭ፦ ነበር።

ቀያሹ፦ ሦስት ሳምንት ነቀልኩት። ሥሩ እንዳይቀር ብዬ አፈሩን በወንፊት ነፋሁት። ወገቤ የተያዘው እሱን ስነቅል ነው። (ድምፃቸው ዝቅ ይላል) ሕፃኑ እኮ ዛሬ ቢመጣ ይድህበት ነበር።

(ሁለቱም ባዶውን ግቢ ያያሉ። ነፋስ መጥቶ አቧራውን ከአንድ ችካል ወደ ሌላ ችካል ይወስደዋል። ምላጭ የእህቱን ባል እንደዚህ አንገታቸውን ደፍተው አይቷቸው አያውቅም፤ አላስቻለውም።)

ምላጭ፦ ጋሼ፣ አይዘኑ። ሰርዶው አልሞተም።

ቀያሹ፦ አንተ አይደለህ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላህ ቆሻሻ ገንዳ የጣልከው?

ምላጭ፦ ገንዳው ሩቅ ነው። ሱቄ ግን መንገዴ ላይ ነው።

(ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። የሱቁ ደጅ አቧራ ስለነበር ደንበኛው ተላጭቶ ሲወጣ አቧራ ለብሶ ይሄድ እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ከረጢት እዚያ ዘርግፎ አፈር አልብሶ በማግስቱ ውሃ እንዳጠጣው፣ ወዲያው እንደያዘለት፣ አሁን ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ወንበሩን ትተው ሣሩ ላይ እንደሚቀመጡ። ነገ ማለዳ አካፋ ይዞ ቆርጦ ያመጣል፤ ቀያሹ ጎንበስ ሳይሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው መስመሩን ብቻ ያሳዩታል። ለዘጠኝ ሳምንት ይደርሳል።)

ቀያሹ፦ (ፊታቸው ቀስ በቀስ ይመለሳል) እግዜር ይስጥህ። እውነቴን ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰርዶ ለግቢ እንደሚሆን ታውቅ ነበር።

ምላጭ፦ ሱቄ ደጅ ላይ አየሁት።

ቀያሹ፦ ሦስት ሳምንት ወገቤ እስኪቆረጥ ስነቅል አጠገቤ ቆመህ ከረጢት ይዘህልኛል። እንዴት አንዲት ቃል አትተነፍስም?

ምላጭ፦ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ባይነቅሉት ምን ይመስልዎታል?» አልኩ። እርስዎ «ከረጢቱን ያዝ፣ አስተያየት አልጠየቅሁህም» አሉኝ። ያዝኩ።

ቀያሹ፦ እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትስ?

ምላጭ፦ (ዓይኑን ወደ አፈሩ ይሰብራል) ከዚያ በኋላማ ጋሼ... የሱቄ ደጅ ገና ግማሹ ይቀረኝ ነበር።