ክብርት ወይዘሮ መጠይቅ

ከሐኪምም ከአማትም በላይ የሰው ጓዳ የሚያውቅ ፍጡር ቢኖር መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ነው። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ መጠይቅ ይኸው ዘጠኝ ዓመት በየስድስት ወሩ በራችንን ያንኳኳሉ። የሚመላለሱት የልጆችንና የአሳዳጊዎቻቸውን ጤና ለዓመታት ለሚከታተል ጥናት ነው። ልጄ የተመዘገበችው ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ነበር።

የሚያናድደኝ ፊታቸው ነው። መልስ ሰምቶ መደሰትም መደንገጥም በጥናቱ ደንብ ክልክል ነው አሉ። ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት የሚዛናቸውን ማንጠልጠያ ታኝካለች፣ እሳቸው ሚስቴን ይጠይቃሉ፦ «ልጅዎ የማይበላ ነገር አፏ ውስጥ ትከታለች? አዎ፣ አይ፣ አላውቅም።»

«እያዩ አይደል እንዴ፣ እትዬ?» አለች ሚስቴ።

«የምጽፈው የእርስዎን መልስ ነው።»

አምና ደግሞ ልጄ ረዝማ ለመታየት ካልሲዋ ውስጥ ካርቶን ጎዝጉዛ ጠበቀቻቸው። ካልሲዋን አስወልቀው ሁለቴ ለኩ። ሁለቱ ልኬት አልገጥም ቢላቸው ሦስተኛ ለኩ። ልጅቷ አኮረፈች፣ እሳቸው ጻፉ።

ወደ ኋላ ልመለስና፣ ልጄ አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞተች። የሚስቴ እህት «ወንድ ብቻውን ምን ያሳድጋል? ልጅቷን ለእኔ ስጠኝ» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ወይዘሮ መጠይቅ በዚያው ሰሞን መጡና «ዋና አሳዳጊ» የሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስም ጻፉ።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ አለቀሱ? ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ በየቀኑ።»

«ፈጽሞ!» አልኩ ቆፍጠን ብዬ። እውነቱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ልጄን ያስወስድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እስክሪብቷቸው ንቅንቅ አላለም። «ጥያቄውን ልድገመው» አሉና ደገሙት።

«ፈጽሞ አልኩዎት እኮ።»

ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት፤ ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ደንቡ የሚፈቅድላቸው መድገም ብቻ ነው። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

«በየቀኑ» አልኩ።

ጻፉት። ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ግን አልተነሱም።

«ይሄ ወረቀት የማንንም ልጅ አይወስድም» አሉ። «እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ልጆቼን ገላ ሳጥብ ነበር የማለቅሰው። ውሃ ነው እንዲሉኝ።»

ልጄ ዛሬም ከእኔው ጋር ናት። ወይዘሮ መጠይቅ ከቀናቸው ከዘገዩ፣ «ምነው ቀሩብን?» ብዬ የምደውለው እኔው ነኝ።