ፈታሽ ያጣ በር

የካዛንቺስ ሰው እጁን ሳይዘረጋ በር ማለፍ የሚችል ይመስላችኋል? ባንክ ሲገባ ይፈተሻል፤ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲገባ እንኳ ይፈተሻል። በቃ፣ ለምዶታል!

ባለፈው ከጎረቤቴ ከታደሰ ጋር ሐረርን ልናይ ሄድን። የጥንቱ የጀጎል ግንብ ሸዋ በር ጋ ስንደርስ፣ ታደሰ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመ። በሩ ሥር ካለው ገበያ አንዲት ሻሽ ሻጭ አየችው።

«አቦ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ፈታሹ የት ሄደ?»

ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሻሾቿን ክንዱ ላይ ደረደረችበት። «እንዲሁ ቁምልኝ፤ መስቀያ አጥቼ ነበር!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅበት ስል፣ ለካ ከኋላው ተሰልፌ፣ እጄን ዘርግቼ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። ሴትዮዋ የቀሩትን ሻሾች ይዛ ወደ እኔ መጣች።