ገመዱን የመረጠ ይለካዋል

ትናንት በሕልሜ የሄድኩበትን ከተማ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቢያየው ደስ ይለኛል። እንደዚያ ሥርዓት ያለው፣ ሰው አክባሪ፣ ነገር ሁሉ በተራው የሚሄድበት አገር በእውኔ አላጋጠመኝም። አንድ ጉድለት ቢኖረው ሁሉ ነገሩ የተገለበጠ መሆኑ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ከቆዩበት ይለመዳል።

የተኛሁት ልቤ ሳይረጋ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ስንሻውን በግቢ ወሰን ጠብ አድፍጦ በጥይት የገደለው ዘርይሁን የሞት ፍርድ ተፈርዶበታል። ፍርዱ እንዳይፈጸም የምሕረት ማመልከቻ ሊገባለት ነው፤ የሟች ወገን ይቅር ብሏል ከተባለ ደግሞ ነፍሱ ልትተርፍ ትችላለች አሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እናቱን ወይዘሮ ደብሪቱን፣ እንደ ደንቡ ድንጋይ በአንገቷ አሸክመው፣ በማግስቱ ጠዋት ቤታችን ሊያመጧት ነው። ድንጋዩን አውርጂ የሚላት የቤቱ ታላቅ ወንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ተንፍሳ አታውቅም። ማታ ምን ልበላቸው ብላት «ቃሉ ያንተ ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን መልሴን ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። ይሰቀል።

እናም በሕልሜ የልብስ ስፌት ቤቴን ልከፍት ስሄድ ከበሩ አንስቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰልፍ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ሳይ ተሰላፊዎቹ ዳኞች፣ የፖሊስ አዛዦችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ገሚሶቹ ካባቸውን እንደለበሱ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገሚሶቹ ተራቸውን በድንጋይ አስይዘው ጥላ ሥር አንቀላፍተዋል።

ፊት የነበሩት ሽማግሌ ዳኛ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝና የሕዝብ አስተያየት ፈልገው እንደመጡ ነገሩኝ። ከንጋት ጀምረው ሲጠብቁ ሕዝቡ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሕዝቡ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፣ ማኅተሙን የያዘው ሕዝብ ፈቃድ ላይ ነው እየተባሉ ሲጉላሉ ነው የቆዩት። ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩትን ዕድል እንዴት ላሳልፈው? ነገ ተመለሱ አልኳቸው። አመስግነውኝ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዱ።

ሆዴ ባባና መልሼ ጠራኋቸው። ጉዳዩ የዘርይሁን ነበር። ይሙት ወይስ ይኑር የሚለውን በዚያ አገር ዳኛ አይወስንም፤ ዳኛ ጆሮ ብቻ ነው።

«ይሰቀል» አልኳቸው።

ዳኛው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን ያህል ጥርት ያለ አስተያየት ሰምተው አያውቁም ነበር። ሌላው ሰው በአንድ በኩል ሲታይ ብሎ ይጀምርና በሌላ በኩል ሳያይ ይመሽበታል አሉኝ። ከዚያም አስተያየት የሰጠ ሰው ዕቃውንም ራሱ መርጦ እንደሚያመጣ፣ ገበያውም ቁልቁል ሲወርዱ እንደሚገኝ አስረዱኝና ዱካቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ተከተሉኝ። ባለሥልጣን ከኋላ ከኋላ ሲከተል እንዴት ደስ እንደሚል ያላየው አያውቀውም።

ትንሽ እንደሄድን በግ ተራ ደረስን። የበዓል ዋዜማ ሆኗል። በጎቹ ቆመው ሰው ይመርጣሉ፣ ሰዎቹ በገመድ ታስረው ሣር ያኝካሉ። ነጠላ ያጣፉ አንድ ትልቅ ሙክት ወደኔ መጡና ወገቤን በሰኮናቸው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉኝ፤ ከንፈሬን ገልጠውም ጥርሴን አዩ።

«ይሄ ንዴት ብቻ ነው፤ ሥጋ አልያዘም» አሉ ለባለቤታቸው።

እየፈራሁ መቼ እንደሚታረድ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም አይዞህ ብለው አጽናኑኝ። ሰው እየገዙ ወደ ቤት መንዳት ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ሆኖም ቢላዋ የሚይዝ በግ እስካሁን አልተገኘም። ይታረድ በሚለው ላይ ሁሉም በጎች ይስማማሉ፣ ክርክር የለበትም፤ የሚያርደው ሲፈለግ ግን ሁሉም ሣር ሊግጥ ይወጣል። ስለዚህ የተገዛው ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ወፍሮ፣ በበዓሉ ማግስት ወደ ቤቱ ይሸኛል። የበጎቹን ጨዋነት ከልቤ አደነቅሁ። ትንሽ ሥጋ ቢኖረኝ ኖሮ ብገዛም አልጠላም ነበር።

ገበያው ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱ ገመድ፣ አንዱ ጥይት፣ አንዷ መርፌ ይሸጣሉ፤ ሁሉም የሚያሞግሱት የዕቃቸውን ርኅራኄ ነው። ባለ ጥይቱ የሱ ዕቃ ሰው እንደማያንገላታ ይምላል። ባለ መርፌዋ የሷ እንደ እንቅልፍ ነው ትላለች። ባለ ገመዱ ገመዶቹን በቅቤ አሽቶ ፀሐይ ላይ አስጥቷቸዋል፤ አንገት እንደማይልጡ ሊያሳየኝ በገዛ ጉንጩ አሻሻቸው። የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ አንዱን ካንዱ ያወዳድራል፣ ይከራከራል፣ አንተ ምን ታውቃለህ ይባባላል። እንዲያ የሞቀ ገበያ አይቼ አላውቅም።

ወረፋው ግን ቶሎ ቶሎ ይሳሳ ነበር። ምክንያቱ የገበያው ደንብ ነው፤ የመረጠ ሰው ሳይለካው አይገዛም። ጫማስ ቢሆን ሳይለኩት ይገዛል? ከፊቴ የነበሩ ደልደል ያሉ ሰውዬ ጥይት ጥይት እያሉ ሲጮሁ ቆይተው፣ ባለ ጥይቱ ደረታቸው ላይ በጠመኔ ምልክት ሊያደርግላቸው ሲቀርብ ቀጠሮ እንዳላቸው ትዝ አላቸው። መርፌ የመረጠችው አስተማሪ ደግሞ ለካ ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ ትፈራለች።

የኔ ተራ ደረሰ። ባለ ገመዱ ሜትሬን ከትከሻዬ ላይ አንስቶ አንገቴን ለካ። በሙያዬ የስንቱን ሰው ኮሌታ ለክቻለሁ፤ እንደሱ እጀ ለስላሳ ግን አላየሁም። ገመዱን አጠለቀልኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየኝ።

«ተመቸህ?»

«ትንሽ ሰፋ ቢል።»

«የምትወስደው ላንተ ነው ለሱ?»

«ለሱ።»

«ለሱ ከሆነ ለምን ይሰፋል?»

ዳኛው ከኋላዬ ሆነው ጆሯቸውን አቅንተው ያዳምጡ ነበር። እንዳለ ጠቅልልልኝ አልኩና ወጣሁ፤ አንገቴን ግን እስከ አደባባዩ ድረስ አሳከከኝ።

አደባባዩ ላይ የዘርይሁን እድር ድንኳን ጥሏል። በዚያ አገር ለቅሶ የሚቀመጡት ከሞት በፊት ነው። ባለቤቱ ሳይሰማው ማልቀስ ልቅሶን ማባከን ነው ይላሉ፤ አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው። ዘርይሁን በክብር ወንበር ተቀምጦ እግዜር ያጥናህ የሚለውን ሁሉ እየተነሳ ያመሰግናል። የወህኒ ቤቱ ኃላፊ እግሩን ያጥቡታል። አልቃሿ ደግነቱን ስትደረድር የበዛ የመሰለውን በእጁ ምልክት እያሳየ ያስቀንሳታል። ንፍሮው ተቀቅሎ ደርሷል። የእድሩ ሹም ወደኔ ቀረብ ብለው፣ እንግዳ ስለበዛባቸው፣ ስቅላቱን ለመቼ እንዳሰብኩት በትሕትና ጠየቁኝ።

ዘርይሁን እኔን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

«አንገትህ ቀልቷል» አለኝ። «ገመዱ ሻከረህ?»

ስንሻው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አልተለቀሰለትም። አጥር ሥር ብቻውን ነው የወደቀው፤ ሬሳውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያ ንዴት በሕልሜም አልለቀቀኝም። ገመዱን ዘረጋሁ።

በዚያ አገር ሰቃይ የሚባል ሠራተኛ የለም። ይሙት ያለ ሁሉ መጥቶ አንድ እጁን ገመዱ ላይ ያሳርፋል፤ እኔ የለሁበትም የሚል እንዳይኖር። እንዴት ያለ ቀና ሕግ ነው ብዬ አደነቅሁ። ይሙት ያላለ ሰው በከተማው አልነበረምና የሰጋሁት ገመዱ ለሁላችን እንዳያጥረን ብቻ ነበር። መጀመሪያ ገመዱን የያዘው እጅ ብዛቱ እንደ ጉድ ነበር። ከዚያ አንዱ እኔ እንኳን በመርህ ደረጃ ነው ብሎ ለቀቀ። አንዷ የተናገረችው ለጨዋታ ያህል እንደነበር አስታወሰች። ሌላው ገመዱን የያዘው እጅ የሱ አለመሆኑን ተናግሮ እጁን ይዞ ሄደ። ደልደል ያሉት ሰውዬ ዳር ቆመው አይዟችሁ እያሉ አጨበጨቡልንና ባጃጅ ተሳፈሩ። ዞር ስል ከኋላዬ ያለው ገመድ ሁሉ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ሕዝቡ የት ሄደ?» ብዬ ዳኛውን ጠየቅሁ።

«ሕዝቡ አሁን አንተ ነህ» አሉኝ በአክብሮት።

ልጥለው ፈለግሁ። ገመዱ መዳፌ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ።

በዚህ መሀል እናቴ መጣች። አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ድንጋይ የሚሸከመው የገዳይ ወገን ነው፤ እሷ የሟች እናት ናት። ተሳስታለች ብዬ ልጠራት ስል ድምፄ ጠፋ። እኔን አልፋ፣ ዳኛውን አልፋ፣ ሄዳ ወይዘሮ ደብሪቱ ፊት ተንበረከከች። አንድም ሽማግሌ አልተከተላትም ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ እንደ ደንቡ ፊቷን አዞረች።

«ምን አድርገሽ ነው ድንጋይ የተሸከምሽው?»

«ልጄ ልጅሽን ሊገድል ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ መጣሁ።»

«ገና አልገደለም እኮ።»

«ከገደለ በኋላ ብመጣ አታዪኝም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ሆድ ይዘጋል። ሳይዘጋብሽ ልድረስ ብዬ ነው።»

እናቴ ትንሽዬ ሰው ናት። ሰው መሀል ስትቆም አትታይም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግ ፈልጋ ነው የምትቀመጠው። በዚያ አደባባይ ተንበርክካ ግን ከዳኛውም፣ ከድንኳኑም፣ ከሁላችንም በላይ ሆና ታየችኝ። የራሷ ሐዘን ሳይወጣላት ሌላዋ እናት እንዳታዝን ቀድማ ድንጋይ የተሸከመች ሴት ከሷ በቀር መኖሯን እንጃ። እናቴን ሁልጊዜም እወዳታለሁ፤ እንደዚያ ግን ኮርቼባት አላውቅም። ተንሰቅስቄ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፣ በዚያ ከተማ ግን ለደስታ የሚያለቅሱት ዳኞች ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀስ ብላ ፊቷን መለሰች። እናቴን ብዙ ካየቻት በኋላ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልጁስ ራሱ ምን ይላል ብላ ጠየቀች። በቃ ተውኩት፣ ልጅሽን ውሰጂው ልላት አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ ድምፄ ብቻ ወጣ፤ ጮክ ብሎ፣ ጥርት ብሎ።

«ጥይትማ ለሱ ምቾት ነው። ገመድ ነው እንጂ የሚገባው፤ እናቱ ቆማ እያየች።»

ይህን አላልኩም ልል ብሞክር ድምፄ አላስገባ አለኝ። በነጻው እጄ አፌን አፈንኩ፤ እሱ ቀጠለ። በጭንቀት ነቃሁ።

ነቅቼም ድምፄ ቀጠለ። የሚመጣው ከሳሎን ነበር።

ፀሐይ ወጥታ አርፍጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ማይክሮፎን የያዘ ጋዜጠኛ ስፌት ቤቴ መጥቶ ስለ ሞት ቅጣት የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብኩ ነው ብሎኝ ነበር፤ በምን መንገድ ቢፈጸም ይሻላል ብሎም ጠየቀኝ። እኔም ልብሱን ትቼ፣ የስፌት መኪናውን አቁሜ፣ አንጀቴ እስኪርስ አወራሁለት። መቼ እንደሚተላለፍ አልጠየቅሁትም።

ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት መሬቱን ያያሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሳሎኑ መሀል ተንበርክካለች፤ ድንጋዩ አንገቷ ላይ ነው። ቃሉ የኔ ስለሆነ፣ እኔም ተኝቼ ስለነበር፣ አውርጂ ያላት ሰው የለም። እናቴ ከጎኗ በርከክ ብላ የድንጋዩን አንድ ወገን በመዳፏ ደግፋላታለች። ራዲዮኑ ቡፌው ላይ ሆኖ እኔን ያስወራኛል፤ ገመዱ ወፍራም ይሁን ቀጭን የሚለው ላይ ደርሻለሁ።

ዘልዬ ሄጄ እጄን ወደ ማጥፊያው ዘረጋሁ።

«ተወው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ቁጭ ብለህ ስማ። ገና አልጨረስክም።»