ዜና መዋዕል ዘወልደየሱስ ደመና ሰገድ፦ የአማካሪነት ማኅተም በሴቻ ዝናብ እንደ ተገኘ

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለወልደየሱስ ዘገረሴ፣ ስመ መንግሥቱ ደመና ሰገድ ለተባለው፣ የሰማይን ጠባይ በዩኒቨርሲቲ ለተማረው፣ ነፋስን በስሙ ለሚጠራው፣ ከእኔ ከአጎቱ በቀር ግን ገና ማንም አንቱ ላላለው። ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ፣ ወርኁ ሚያዝያ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ በየጥጉ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ መብራትም በየምሽቱ ከዙፋኑ በሚወርድበት ወራት ነበረ።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል አዋጅ ወጣ፤ አዋጁም እንዲህ አለ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ከእንግዲህ የብቃት ምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው አማካሪ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ነኝ ብሎ ለገበሬም ለነጋዴም ዝናብ አይንገር። ሦስት ጊዜ የወደቀ ዳግመኛ አይፈተን፤ ሰማይንም እንደ ማንኛውም ሰው አንጋጦ ይይ!»

ጀግናችንም አስቀድሞ ሁለቴ ወድቆ ነበር። አንደኛው ክራባት ሳያስር ስለ ቀረበ ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው ግን የመርማሪዎቹን ሰብሳቢ ዶክተር ብርሃነመስቀልን በሰው ፊት ተሳስተዋል ብሎ ስላረማቸው ነው፤ ይህን አምናለሁ፣ ሰውዬውን አውቃቸዋለሁና። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ቤት ካገለገልኩ በኋላ ወረቀት የለህም ተብዬ ከወንበሬ ስነሣ፣ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተቀምጠውበት ሻይ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ ሻዩንም ስኳር አነሰው ብለው በእኔው እጅ መለሱት።

አሁን እንግዲህ የቀረው አንድ ዕድል ነው። የምዕራብ ዓባያ ሙዝ አምራቾች ማኅተሙን ካመጣ ሊቀጥሩት ቃል ገብተዋል፤ ካላመጣ ግን አባቱ ከገረሴ የላኩበት ቃል ይጠብቀዋል፦ «ሰማዩ እምቢ ካለህ ና፣ ድንቹ የሚቆፍረው አጥቷል!»

የተግባር ፈተናውም ይህ ነበረ፦ ተፈታኙ እውነተኛ ደንበኛ ፈልጎ የነገውን ሰማይ ይነግራል፤ ደንበኛውም በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ በመርማሪዎቹ ፊት በአካል ቀርቦ ይመሰክራል። ወልደየሱስም ወይዘሮ ሸዋነሽን አገኘ፤ ይህችውም ከጫሞ ዳር ዓሣ ተረክባ ከተማውን የምትመግብ፣ ንግሥተ አምባዛ፣ ሚዛኗ የማይደፈር፣ ምላሷም ከሚዛኗ የከበደ፣ በማግስቱ ሲቀላ ባለው ግቢዋ በማንጎ ጥላ ሥር ልጇን ሔርሜላን የምትድር ነበረች።

ነገር ግን አርባ ምንጭ ላይና ታች ናት፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። ሴቻ ዝናብ ሲያወርደው ሲቀላ አቧራ ይጨሳል፤ ከሴቻ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚወርድን ሰው የሲቀላ ልጆች ጥላውን አይተው ይስቁበታል። ይህን የማያውቅ የአርባ ምንጭ ሰው የለም። ደመና ሰገድም አውቆ፣ ለሴቻ ዝናብ ለሲቀላ ፀሐይ ብሎ ሊያቀርብ ሲነሣ፣ ከአዲስ አበባ ደንብ ይዘው የመጡት ዶክተር እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ከተማ አንድ ነው! ትንበያውም አንድ ነው! ዝናብ በሰፈር የሚያድል ባለሙያ አናውቅም!»

ያን ጊዜ ጀግናው ምራቁን ዋጠ፤ ከምራቁም ጋር እውነቱን ዋጠ። ማረም ምን እንደሚያስከፍል ተምሯልና። መርማሪዎቹ የሚቀመጡት ሴቻ፣ ሐይቆቹን ቁልቁል በሚያይ ሆቴል መሆኑን አስቦ፣ ዝናቡን ወደ ፈራጆቹ መስኮት ላከው፤ ደንበኛዋን ግን ለፀሐይ ሰጣት። ድምፁንም ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «በነገው ዕለት ከቀትር በኋላ በአርባ ምንጭ ከተማ ከባድ ዝናብ ይዘንባል!»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ይህን ሰምታ የማንጎውን ጥላ ትታ ድንኳን አስተከለች፤ በድንኳኑ ላይ ሸራ ደረበች፤ ጎን ለጎኑንም ንፋስ እንዳያስገባ አሰፋች። በማግስቱ ቀትር ሲያልፍ የሲቀላ ፀሐይ እንደ እቶን ወረደች። ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ላብ በላብ ሆኑ፣ ኬኩ ቁልቁል ሄደ፣ የበቆሎው ኩርኩፋ እሳት ሳያየው ሞቀ፣ የዳጣ በርበሬ የቀመሰ ሽማግሌ ሁለት እሳት መሐል ገብቶ አለቀሰ። የባጃጅ ሾፌሩ ይፍሩም ከእንግዶች መሐል ተነሥቶ፣ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶ አወጀ፦ «እትዬ ሸዋነሽ፣ ሠርግ ነው የጠሩን ወይስ እንደ ዓሣው ሊጠብሱን?»

ሳቅም ሆነ። ያ ሳቅ ነው ክፉውን ያመጣ። በልጇ ቀን የተሳቀባት እናት ነጠላዋን አሸርጣ፣ በሠርግ ቤት መሐል የክተት አዋጅ አስነገረች፦ «ክተት! የወለድኩትም የተዋለድኩትም ተከተለኝ! ያንን የገረሴ ዝናብ ሻጭ ሴቻ ወጥቼ በአዲስ አበቤዎቹ ፊት ካላዋረድኩት የአምባዛ ሚዛን አልጨብጥም!»

ነጋሪቱ የባጃጅ ጥሩምባ ሆነ። በፊት አውራሪነት ይፍሩ በባጃጁ ንግሥቲቱን ጭኖ ወጣ፤ በቀኝ የጫሞ ዓሣ አጥማጆች፣ በግራ ሱፋቸውን በጫንቃቸው የጣሉ ሚዜዎች፣ ቀጥሎ ኬኳ የፈሰሰባት ኬክ ጋጋሪዋ ቤቲ ቢላዋዋን እንደያዘች፣ ቀጥሎ ድስት አጣቢዎች፣ ቀጥሎ ያልተከፈለው ፎቶ አንሺ ተከተሉ። በመጨረሻም እኔ፣ ለታሪክ ጸሐፊ ቦታ የለም ተብዬ፣ በይፍሩ ጎን በግማሽ መቀመጫዬ ተንጠልጥዬ።

በሴቻ ግን ዝናቡ መስኮቱን ይደበድብ ነበር። ደመና ሰገድ በመርማሪዎቹ ፊት ክራባቱን አጥብቆ አስሮ ቆሟል። ደንበኛዋ ብትቀር ይወድቃል፤ ብትመጣ ይዋረዳል፤ የትኛውን እንደሚጸልይ አያውቅም። ዶክተርም አወጁ፦ «ዝናቡን አየን! ደንበኛዋ የታለች? ደንበኛ የሌለው ትንበያ ወሬ ነው!»

እኛም ዳገቱን እያጋመስን ሳለ፣ ከላይ ያለው ሰማይ ተቀደደ። የባጃጁ መጋረጃ ከድሮም ቀዳዳ ነበር፤ ውኃው በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል። የንግሥቲቱ ፀጉር፣ ጠዋት በውበት ሳሎን የተሠራው፣ በግንባሯ ላይ ተኛ፤ ጥልፍ ቀሚሷ ቀለሙን በይፍሩ ወንበር ላይ ተወ። እርሷ ግን አልተመለሰችም። እንደ ረጠበች ደረጃውን ወጣች፣ በሩን በርግዳ ገባች፣ ከቀሚሷ የወረደው ውኃ ምንጣፉ ላይ ከዓባያና ከጫሞ ቀጥሎ ሦስተኛ ሐይቅ ሠራ፤ በሐይቁም መሐል ቆማ አወጀች፦ «ይህ ሰው ዋሾ ነው! ጠብታ አልጣለም! እንግዶቼን በደረቅ ፀሐይ ቀቀለብኝ!»

መርማሪዎቹ አዩአት። ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ጆሮ ለጆሮም ተነጋገሩ። ከዚያም ዶክተር ብርሃነመስቀል ተነሥተው የመጨረሻውን አዋጅ ተናገሩ፦ «ደንበኛዋ በአካል ቀርባለች፤ በአካልም ረጥባለች! እየተንጠባጠበ ዝናብ የለም የሚል ምስክር ቃሉ አይያዝም፣ ልብሱ ይያዛል! አልፏል!»

እርሷም መንገድ ላይ ነው የረጠብኩት፣ ሲቀላ ደረቅ ነው፣ ወርዳችሁ እዩ እያለች ጮኸች። ማንም አልወረደም፤ ዝናብ ነበራ። አስተናጋጅ ፎጣ አመጣላት። ወልደየሱስም ማኅተሙ ሲመታ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም፣ ወደ እርሷም አልተመለከተም፤ ያን ጊዜ የእውነት ባለ ወረቀት እንደ ሆነ ዐወቅሁ።

እንግዲህ ሰላም ለክራባቱ፣ ሰላም ለክብ ማኅተሙ፣ ሰላም ለምዕራብ ዓባያ ሙዝ ከእንግዲህ በአፉ ቃል ዝናብ ለሚጠጣው! ኃያል ዘኢይስሕት፣ የደመና ጌታ፣ የምሥራቅ ነፋስ ባልደራስ፣ የገረሴ ድንች የማይቆፍረው ወልደየሱስ ደመና ሰገድ ይክበር ይመስገን! ትናንት ቢሳሳት ስሕተቱ የእርሱ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እርሱ ዘነበ ብሎ ሲቀላ ደርቆ ቢገኝ፣ ያጠፋው ሲቀላ ነው።